ዓድዋ ያልጣላቸውን ንጉሥ የጣለው ስውር ሕመም

ወርኃ ነሐሴ ነው፤ ዘመኑ 1836 ዓ.ም። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በሸዋ ደጋ፣ በአንጎለላ፣ ከልዑል ኃይለ መለኮት ሣህለ ሥላሴ እና ከወይዘሮ እጅጋየሁ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ስሙም ሣህለ ማርያም ተባለ። ኋላ ኢትዮጵያ ዳግማዊ ምኒልክ ብላ የምታነግሠው፣ ዓለምም በዓድዋ ድል የሚያውቀው ይህ ሕፃን ነበር።

የምኒልክ ታሪክ በተነገረ ቁጥር ዘመቻው፣ ግዛቱና ድሉ ይነሣል። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋሉ፤ ታመሙ፣ አልጋ ላይ ዋሉ፣ አረፉ ይባላል። እነዚያ ዓመታት ግን ሊነገሩ ይገባል። የሰውን ልብ፣ የደም ሥርና አንጎል ሳይከፍቱ የሚያዩ መሣሪያዎች አንድ በአንድ መወለድ የጀመሩት በእኚሁ ንጉሥ ዘመን ነው። አንዱም ግን ለእርሳቸው በጊዜው አልደረሰላቸውም።

የሣህለ ማርያም ልጅነት አጭር ነበር። በ1848 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሊያስገብሩ ሲዘምቱ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በሕመም አረፉ። የ11 ዓመቱ ልዑልም ተማርኮ ወደ ሰሜን ተወሰደ። አሥር ዓመት ያህል በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ኖረ። ምርኮኛ ቢሆንም በቤተ መንግሥት ሥርዓት አደገ፤ የጦርና የአስተዳደር ጥበብን ቀሰመ፤ የንጉሡንም ልጅ አገባ። በ1857 ዓ.ም ከመቅደላ አምልጦ ወደ ሸዋ ተመለሰ፤ በአባቱም ዙፋን ተቀመጠ።

ንጉሥ ምኒልክ በ1875 ዓ.ም እቴጌ ጣይቱ ብጡልን አገቡ። በ1879 ዓ.ም ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በፍልውኃው አጠገብ፣ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በጥቅምት 1882 ዓ.ም ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ አገሪቱ ክፉ ቀን በሚባለው መከራ ውስጥ ነበረች። ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች የገባው ደስታ በሽታ የአርሶ አደሩን በሬ ጨረሰው። በሬ ያለቀበት ማሳ ጦም አደረ፤ ረኃብና ወረርሽኝም ተከተሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ወራት መኳንንቱም ሠራዊቱም በእጁ እንዲቆፍር ለማስተማር ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ ተብሎ ይነገራል።

ከዚያ የ1888 ዓ.ም ዘመን ገባ። ይህ ዓመት ለኢትዮጵያውያን የዓድዋ ዓመት ነው። ሠራዊቱ ወደ ሰሜን ሲተም፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ፣ በጀርመን አገር ዊልሄልም ሮንትገን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳይ ጨረር አገኘ። ዛሬ ሐኪም ቤት ስንሄድ ራጅ ተነሡ የምንባለው ይህንኑ ነው። የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ጦርነት ተደረገ፤ ወራሪው ተሸነፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ በኔፕልስ ከተማ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ወታደራዊ ሐኪም ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በአዲሱ ጨረር አየ፤ የተቀረቀረውንም ጥይት የት እንዳለ ለየ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ያ የመጀመሪያው እንደነበር የሕክምና ታሪክ መዝግቦታል። በዓለም የመጀመሪያዎቹ የጦር ቁስለኛ ራጆች የተነሡት እንግዲህ ከኢትዮጵያ ቆስለው በተመለሱ ወታደሮች ክንዶች ላይ ነው።

በዚያው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1896 ዓ.ም፣ በዚያችው በተሸነፈችው ኢጣልያ፣ በቶሪኖ ከተማ ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ የተባለ ሐኪም ሌላ መሣሪያ አስተዋወቀ። መሣሪያው ከቀለም ብልቃጥ፣ ከመዳብ ቧንቧ፣ ከብስክሌት ካላማዳሪና ከሜርኩሪ የተገጣጠመ ነበር። ክንድ ላይ ይጠመጠማል፤ በአየር ይነፋል፤ የክንዱ የደም ትርታ የሚጠፋበት ነጥብ በሜርኩሪው ከፍታ ይነበባል። የደም ግፊት ያለ ስለትና ያለ ደም፣ በማንኛውም ሐኪም እጅ፣ በቀላሉ የሚለካበት መንገድ በዚህ ተከፈተ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ክንዳችን ላይ የሚታሰረው መለኪያ የዚያ መሣሪያ የልጅ ልጅ ነው።

ከዓድዋ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የጦር ቁስለኞችን ለማከም ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በአዲስ አበባም ሆስፒታል ከፍተው ለዓመታት አከሙ። ምኒልክ ለአዲስ ነገር ያላቸው ጉጉት የታወቀ ነው። ስልክ አስገቡ፤ ለባቡር ሐዲድ ፈቀዱ፤ የፈንጣጣ ክትባት እንዲስፋፋ አበረታቱ፤ ባንክና ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያ በሆነው አውቶሞቢልም ተሳፈሩ። ስለ ጠመንጃ፣ ስለ ማሽንና ስለ መድኃኒት የውጭ እንግዶችን እየጠየቁ ይረዱ ነበር። እንዲህ ያለ ንጉሥ ደም ግፊት የሚለካ መሣሪያ ቢቀርብላቸው ክንዳቸውን ለመዘርጋት የሚያመነቱ አይመስልም።

ነገር ግን ሰውነታቸው ከዘመኑ ቀድሞ ደከመ። በጥቅምት 1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። የመንግሥት ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይቀር ማሰባቸው ከጤናቸው መታወክ ጋር የተያያዘ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ያነሣሉ። ብዙም ሳይቆይ የስትሮክ ምልክቶች ታዩባቸው፤ የሰውነታቸው ክፍል ዛለ፤ አንደበታቸው ከበደ። ጥቂት ሲሻላቸው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ ሕመሙም ተመልሶ ይመጣል። በግንቦት 1901 ዓ.ም የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋን ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን፣ አልጋ ወራሽ አደረጉ፤ ራስ ተሰማ ናደውም ሞግዚት ሆኑ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም ግን ከሁሉ የከፋው ስትሮክ መታቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት እያሉ መናገርም ማዘዝም ተሳናቸው። ያን ጊዜ የ65 ዓመት ሰው ነበሩ።

በሕመማቸው ዓመታት ብዙ ሐኪሞች አዩአቸው። ከጓዴሎፕ ደሴት የተወለደው ጆሴፍ ቪታሊየን ከነዚህ አንዱ ነበር። በልጅነታቸው ከመቅደላ በእንግሊዞች ተወስደው በሕንድ አድገው በሕክምና የተመረቁት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ንጉሡን ካከሙት መካከል ናቸው። ጸበልም ተሞከረ፤ ጸሎትም ተደረገ። ሐኪሞቹ በእጃቸው የነበረው የልብ ማዳመጫ፣ የትኩሳት መለኪያ፣ የእጅ ትርታ ቆጠራና የዓይናቸው ልምድ ነበር። የተኙትን ንጉሥ አንጎል ውስጥ ምን እንደደረሰ ማንም ሊያይ አልቻለም።

ያልታየ ነገር ደግሞ ለወሬ በር ይከፍታል። ሕመሙ በድንገት መምጣቱና ንጉሡን ዲዳ ማድረጉ መርዝ ነው የሚል ጥርጣሬን ወለደ። በ1901 ዓ.ም ማለቂያ ገደማ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሡ እየተመረዙ ነው ብሎ እስከ መክሰስ ደረሰ። ጉዳዩም በቤተ መንግሥቱ ብቻ ሳይሆን በውጭ አገር ሌጋሲዮኖች ዘንድ ታላቅ ሁካታ አስነሣ። እቴጌ ጣይቱን የሚጠሉ በእቴጌይቱ ላይ፣ የውጭ መንግሥታትን የሚፈሩ በውጭ ሰዎች ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። ክሱን የሚያረጋግጥም የሚያፈርስም የምርመራ ውጤት በጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

ዛሬ ስትሮክ ምን እንደሆነ በሚገባ ይታወቃል። አንጎል ያለ ደም ለደቂቃዎች እንኳ መቆየት አይችልም። የአንጎል የደም ሥር በረጋ ደም ሲደፈን፣ ወይም ፈንድቶ ደም ሲፈስ፣ ያ ክፍል የሚያዝዘው የሰውነት አካል ይዝላል። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ፊት ይጣመማል፣ አንድ እጅ አልነሣ ይላል፣ አንደበት ይያዛል። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለተደፈነ ሥር ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይሰጣል፤ ያው መድኃኒት ለፈሰሰው ቢሰጥ ሊገድል ይችላል። ሁለቱን በእርግጠኝነት ለመለየት የሲቲ ስካን ምስል ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሕመምተኛ በሲቲ ስካን የታየው በለንደን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ነው፤ ምኒልክ ካረፉ ከ58 ዓመታት በኋላ።

ሌሎቹም መሣሪያዎች ንጉሡ በሕይወት ሳሉ መንገድ ላይ ነበሩ። ምኒልክ የሐዲዱን ሥራ በሚከታተሉበት ጊዜ በኔዘርላንድ፣ በላይደን ከተማ፣ ዊለም አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ በቀጭን ክር ንዝረት የሚጽፍ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው 270 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፤ የሚያንቀሳቅሱትም አምስት ሰዎች ነበሩ። ሕመምተኛው ሁለት እጁንና አንድ እግሩን ጨው ባለበት ውኃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ዛሬ ኢሲጂ የሚባለውና በአንድ እጅ የሚንጠለጠለው መሣሪያ ከዚያ የመጣ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ደግሞ ኒኮላይ ኮሮትኮቭ የተባለ ሩሲያዊ ሐኪም የሪቫ ሮቺን መጠምጠሚያ ከልብ ማዳመጫ ጋር አጣመረ። አየሩ ሲለቀቅ የሚጀምረውን ድምፅና የሚጠፋበትን ነጥብ በመስማት ሁለት ቁጥሮችን አገኘ። የደም ግፊት ውጤት ዛሬም በሁለት ቁጥር የሚነገረው ለዚህ ነው። የላይኛው ልብ ስትጨመቅ፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለውን ግፊት ያመለክታል።

እውነቱን ለመናገር፣ የንጉሡ የደም ግፊት ተለክቶ ከፍ ያለ ሆኖ ቢገኝ እንኳ በዚያ ዘመን የሚያወርደው አስተማማኝ ክኒን አልነበረም። ሁነኛዎቹ መድኃኒቶች የመጡት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የስኳር በሽታ ሕመምተኞችን ከሞት የመለሰው ኢንሱሊንም የተገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 በካናዳ ነው፤ ምኒልክ ካረፉ ከስምንት ዓመታት በኋላ። የልብን ክፍሎችና በሮች በድምፅ ሞገድ የሚያሳየው ኢኮ የመጣው ደግሞ በ1953 በስዊድን ነው። ንጉሡ የተወለዱት እነዚህ ሁሉ ሊመጡ ሲሉ ነው፤ ያረፉትም ሳይደርሱላቸው።

ከጥቅምት 1902 ዓ.ም በኋላ የነበሩት አራት ዓመታት ለቤተ መንግሥቱ የጭንቅ ዓመታት ሆኑ። እቴጌ ጣይቱ ባላቸውን እያስታመሙ ሥልጣኑን ለመያዝ ሞከሩ፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም መኳንንቱ ከመንግሥት ሥራ እንዲርቁ አደረጓቸው። ሞግዚቱ ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም ድንገት አረፉ። ከዚያ ወዲህ ወጣቱ ልጅ ኢያሱ ያለ ሞግዚት ቀረ። ንጉሡ ግን በእልፍኛቸው ነበሩ፤ ከሞት በታች፣ ከሕይወት በላይ። ምኒልክ በሕይወት አሉ ወይስ የሉም የሚለው ጥያቄ ከአዲስ አበባ እስከ ጠረፍ የሚሾከሾክ ምሥጢር ሆነ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም በ69 ዓመታቸው ሲያርፉም ዕረፍታቸው ለሕዝቡ አልታወጀም፤ አዋጅና ልቅሶ እንደ ሥርዓቱ አልተደረገላቸውም። በዙፋኑ ዙሪያ የተጀመረው ሽኩቻ በ1909 ዓ.ም በሰገሌ ሜዳ በደም እስኪቋጭ ድረስ ቀጠለ። አጽማቸው ዛሬ በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ያርፋል።

ከሥራዎቻቸው አንዱ ግን ከሕመማቸው ጋር በልዩ ሁኔታ የተገናኘ ነው። የሩሲያ ሐኪሞች አገልግሎት ካበቃ በኋላ በ1902 ዓ.ም ገደማ በስማቸው የሚጠራው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። ቤቱ ለሕዝቡ በሩን ሲከፍት ያሠሩት ንጉሥ አልጋ ላይ ነበሩ። ሆስፒታሉ ዛሬም በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ሕሙማንን ይቀበላል። ከአንጎለላ፣ ከጫጫና ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ የሚመጣ ታካሚ ላምበረት መናኸሪያ ሲወርድ ከንጉሡ የትውልድ ቀዬ ተነሥቶ ወደ ንጉሡ ሆስፒታል አቅራቢያ ደረሰ ማለት ነው።

በምኒልክ ዘመን ከዚያ በስተደቡብ የተዘረጋው የዛሬው ቦሌ የእርሻና የግጦሽ መስክ ነበር። የአውሮፕላን ማረፊያውም ሆነ ሰፊው አስፋልት ገና አልታሰበም። ዛሬ ከመገናኛ እስከ ሃያ ሁለት፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ ድረስ ሆስፒታሎችና የምርመራ ማዕከላት ተደርድረዋል። ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ፣ ኢኮ፣ ኢሲጂ እና የደም ላብራቶሪ በአንድ መንደር ውስጥ ይገኛሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በመንግሥታቸው ሙሉ ሀብት ሊገዙት ያልቻሉትን ምርመራ ዛሬ ከገጠር የመጣ አርሶ አደር ወረፋ ይዞ ያገኘዋል።

እያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱ ሥራ አለው። ኢሲጂ የልብን ምት ሥርዓትና የደም እጥረት የደረሰበትን የልብ ጡንቻ ይጠቁማል። ኢኮ የልብ በሮች በትክክል መከፈት መዘጋታቸውን፣ ጡንቻውም በግፊት ብዛት መወፈሩን ያሳያል። የደረት ራጅ የልብን ጥላ መስፋት ይገልጣል። የደም ላብራቶሪ ስኳርን፣ ኮሌስትሮልንና የኩላሊትን ሥራ ይለካል፤ በሽንት ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲንም ግፊትና ስኳር ኩላሊትን መጉዳት ሲጀምሩ ቀድሞ ይናገራል። እነዚህ በአብዛኛው ገንዘብ፣ ባለሙያና የኤሌክትሪክ ኃይል ይሻሉ፤ በከተማም ተከማችተዋል። ከሩቅ ወረዳ ለሚመጣ ሰው የመጓጓዣውና የማደሪያው ወጪ ከምርመራው ዋጋ ጋር ተደምሮ ከባድ ነው።

ሁለቱ ግን ርካሽና ቅርብ ናቸው፤ በክንድ ላይ የሚጠመጠመው የግፊት መለኪያ እና ከጣት ጫፍ በምትወሰድ ጠብታ የሚሠራው የስኳር ምርመራ። ግፊት ከ140 በ90 በላይ በተደጋጋሚ ከተለካ፣ ምግብ ሳይቀመስ ጠዋት የተለካ ስኳርም 126 ወይም ከዚያ በላይ በተደጋጋሚ ከሆነ፣ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። በ2007 ዓ.ም በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ከስድስት አዋቂዎች አንዱ ገደማ ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለበት ታይቷል። አብዛኞቹም ተለክተው አያውቁም ነበር። ከፍተኛ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ራስ ምታትም ላይኖረው ይችላል። ሰው እያረሰ፣ እየነገደ፣ ማኅበር እየጠጣ ለዓመታት ሊኖር ይችላል፤ የመጀመሪያው ምልክት ስትሮኩ ራሱ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በብዙ መንደሮች ስትሮክ ዛሬም ሌላ ስም አለው። ማታ ደኅና ሆኖ ተኝቶ ጠዋት ግማሽ አካሉ የዛለ ሰው ጋኔን ለከፈው፣ ጠላት መድኃኒት አደረገበት ይባላል። ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ በፊት በቤተ መንግሥት የተነሣው የመርዝ ጥርጣሬ በየጎጆው ይደገማል፤ ጎረቤት ከጎረቤት፣ ዘመድ ከዘመድ ይቃቃራል። ሕመምተኛውም ውድ ሰዓቶቹን ያጣል። የተደፈነን ሥር የሚከፍተው መድኃኒት የሚጠቅመው ስትሮኩ በመታ በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ነውና። ጸበል ለሚወስድም ሰው ቢሆን ሆስፒታሉ መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ሕመም መነሻ ዛሬ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ግፊታቸው አልተለካም፤ ደማቸው በላብራቶሪ አልታየም፤ የአንጎላቸው ምስል አልተነሣም። በዚህም ምክንያት ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ከእርሳቸው በኋላ ለተወለደ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአንጎለላና ጠራ ወረዳም ሆነ በቦሌ፣ ጤና ጣቢያ ገብቶ ክንዱን ለመለኪያው የሚሰጥ ሰው ሁለት ቁጥሮቹን ይዞ ይወጣል።